በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ ከቢዮ አዋሌ፣ ከዋሂልና ከጀልዴሳ የመጣችሁ ወጣቶች፣ የድሬዳዋን ፀሐይ ታግሳችሁ በሰዓቱ ስለተገኛችሁ በሥራ አመራር ኮሚቴው ስም አመሰግናለሁ።

ዛሬ የተሰበሰብንበት ዋና ጉዳይ ገቢው በግብርና ለተደራጁ የገጠር ቀበሌዎቻችን ወጣቶች የሚውለው የቶምቦላ ዕጣ ነው። ወደ ሒሳቡ ከመግባታችን በፊት ግን፣ ባለፈው ስብሰባ አንድ አባታችን «ዕጣ ከቁማር በምን ይለያል?» ብለው ያነሱትን ጥያቄ አልፌው ልሄድ አልችልም። ጥያቄው የብዙዎቻችሁ እንደሆነ ስለተረዳን ሁለት ዓይነት ደረሰኝ አሳትመናል፤ አንዱ የዕጣ ቁጥር ያለው ሲሆን፣ ሌላው ቁጥር የሌለው፣ ሰጪው ሽልማት ሳይጠብቅ የሚቆርጠው የስጦታ ደረሰኝ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ራሴ «ቁጥር የሌለውን ማን ይገዛል?» ብዬ ተከራክሬ ነበር፤ ጥራዙ ቀድሞ ያለቀው ግን እሱ ነው። ዕጣ ያለ ብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ ስለማይካሄድም የፈቃዱ ወረቀት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ መመልከት የሚፈልግ ይመልከት።

አንደኛው ዕጣ የሐረርጌ ሰንጋ ነው። ገበሬያችን ከማሳው የሚነቅለውን የማሽላ ቡቃያና አገዳ በእጁ እያጎረሰ የሚያደልበውን ሰንጋ ለእናንተ መግለጽ አያስፈልገኝም። የገዛነው ከነጋዴ ሳይሆን ከራሳቸው ከወጣቶቹ በመሆኑ፣ ለሽልማት ያወጣነው ገንዘብም ተመልሶ የገባው እነሱ ዘንድ ነው።

አሁን ስለ ጥፋታችን ልናገር። ባለፈው ዓመት በዕጣው ገቢ ገዝተን ያስረከብነው የውኃ ፓምፕ በአንዲት ትንሽ መለዋወጫ እጦት ለወራት ቆሞ ከርሟል። መለዋወጫውንም ጠጋኙንም ሳናስብ ፎቶ ተነስተን የተመለስነው እኛ ነን፤ ወጣቶቹን የምንወቅስበት ነገር የለም። አካባቢያችን ውኃ የሚያጣው ዝናብ ጨርሶ ስለማይዘንብ አይደለም፤ በበልግም በክረምትም ይዘንባል፣ ነገር ግን በ1998 ዓ.ም. ክረምት በደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በመረረ ሐዘን እንዳየነው፣ ከተራራው በአንድ ጊዜ ወርዶ ያጠፋውን አጥፍቶ አሸዋውን ደረቅ ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ አትክልት የሚያለማ ወጣት ከጉድጓድ ውኃ መሳብ ግድ ይሆንበታል፤ ፓምፑ አንድ ሳምንት ከቆመ ቲማቲሙ አብሮ ያልቃል።

ከዚህ ተምረን ኮሚቴው ለዘንድሮው ገቢ የሚከተለውን ሐሳብ ያቀርባል። ገንዘቡ በጥሬው አይሰጥም፣ ለአበልና ለቲሸርት አንድ ብር አይወጣም፤ ፓምፑ ከነመለዋወጫው ይገዛል፣ ከየቡድኑም አንድ ወጣት ጥገናውን ከከተማው መካኒኮች ዘንድ ይማራል። ቀሪው የተዳቀለ፣ ማለትም ከሚያፈራ ዛፍ ቅርንጫፍ ተጣብቆለት ያደገ፣ የማንጎ ችግኝ ይገዛበታል። ከዘር የበቀለ ማንጎ እስኪያፈራ ስድስት ዓመትና ከዚያም በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል፤ የተዳቀለው ግን በሦስት ወይም በአራት ዓመት ስለሚደርስ፣ ጅቡቲ ለመሄድ ልቡ የሸፈተን ወጣት ጥቂት ያቆየዋል ብለን እናስባለን። ቢያንስ እኔ እንዲህ አስባለሁ፤ ጉባኤው ሌላ ሐሳብ ካለው ይናገር።

የኮሚቴ አባላትና ቤተሰቦቻቸው በዕጣው አይሳተፉም፤ የገዙትም በስጦታ ተመዝግቦላቸዋል። ዕጣው የሚወጣው ሒሳቡ ተነቦ፣ ያልተሸጡት ቲኬቶች በፊታችሁ ተቆጥረው ከተቀደዱ በኋላ ነው። ጉባኤው መከፈቱን እየገለጽሁ፣ ገንዘብ ያዣችን መዝገቡን ይዘው እንዲቀርቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።