ክረምት ሳይገባ ቦዩ ይከፈት፦ ድሬዳዋ ላይ ለኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ማህበር ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር

እንደምን አደራችሁ ጎረቤቶቼ። አሰላሙ አለይኩም። አከም ቡልተን።

ፀሐይዋ ሳትከርር በጠዋት ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከሦስት ሰዓት በኋላ እዚህ ድንኳን ስር ማንም ማንንም እንደማይሰማ አውቃለሁ። ስለዚህ አላረዝምም። ወጣቶች፣ ወንበሩን ለእናቶች ልቀቁ። ከኋላ ግድግዳው ስር ጥላ አለ።

ገንዘብ ያዥ ስለሆንኩ ያው የመዋጮ ነገር ነው የሚያወራው የምትሉ ትኖራላችሁ። እሱም ይመጣል። መጀመሪያ ግን ስለ ቦዩ እንነጋገር።

ከብሎኮቹ ጀርባ የሚያልፈውን የጎርፍ መውረጃ ታውቁታላችሁ። ሳይቱ ሲሰራ ከኮረብታው የሚወርደውን ውሃ ተቀብሎ እንዲያሳልፍ ነው የተቆፈረው። ዛሬ ሄዳችሁ ብታዩት ግማሹ የለም። አንዱ ጋ አጥር ተሻግሮበታል። ሌላው ጋ ሊሾ ፈሶበት ማድ ቤት ቆሞበታል፣ የጭስ መውጫ ሳይቀር ተበጅቶለታል። የተረፈው ክፍት ቦታ ደግሞ በሃይላንድ፣ በፌስታልና በጫት ገረባ ጢም ብሏል። ገረባውን ማን ነው የጣለው ብዬ አልጠይቅም አቦ። ከሰዓት በኋላ በርጫ የሌለበትን ብሎክ የሚያሳየኝ ካለ ግን ቡና እጋብዛለሁ።

«ምን አስቸኮላችሁ፣ ድሬ መቼ ይዘንባል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ደመና ሳናይ ሳምንታት ያልፋሉ። ግን የእኛ ጎርፍ የሚነሳው እዚህ አይደለም። ደንገጎ ላይ፣ ከዚያም ወዲያ ባለው የሐረርጌ ደጋ ይዘንባል። ውሃው ዳገቱን ቁልቁል ይወርድና አብዛኛውን ጊዜ ሰው በእግሩ የሚያቋርጠውን ደረቅ አሸዋ ሞልቶ ይመጣል። እኛ ጋ ጠብ ሳይልም ሊመጣ ይችላል። ሐምሌ 1998 ላይ የደቻቱ ወንዝ የሞላው ሌሊት ነበር። ሰው ተኝቷል። ከ200 በላይ ነፍስ ነው የጠፋው። ከመካከላችን ያን ሌሊት ዘመድ ያጣ ሰው ስላለ ዝርዝሩን አላነሳም።

ከዚያ ወዲህ በደቻቱ ዳር መከላከያ ግንብ ተሰርቷል። ያ ግንብ ግን እኛ ጋ አይደርስም። እኛ ያለን ይሄ ቦይ ብቻ ነው።

አሁን ወደሚያጣላን ልግባ። ግራውንድ ዕጣ የወጣላችሁ አንዳንዶቻችሁ «ደጃፌ የኔ ነው» ትላላችሁ። አይደለም። የጋራ ሕንፃ አዋጁ፣ ቁጥር 370/1995፣ ባለቤትነታችንን ለሁለት ነው የከፈለው። አንዱ የየግል ቤታችን ነው። ሌላው፣ ደረጃው፣ ኮሪደሩ፣ ጣሪያው፣ ግቢው፣ የሁላችንም ነው። አራተኛ ፎቅ ያለችው እናት ቦዩ ላይ ከእናንተ እኩል ትጠይቃለች።

ይህን ስል ግን «የተሰራው ሁሉ ይፍረስ» የሚለውን ሐሳብ አልደግፍም። ባለፈው ስብሰባ ይህን የተናገሩ ሰዎች እዚህ አሉ፣ ቅር አይበላቸው። አምስት ሰው በስቱዲዮ የሚኖርበት ቤት አለ። ልጆች አድገው ነው ሰው ወደ ውጭ የወጣው። የኔ ሐሳብ ቦዩ ላይ ያረፈውና የሴፕቲክ ታንኩን ክዳን የዘጋው ብቻ ይነሳ ነው። ሌላውን በሽማግሌ እየተነጋገርን እናየዋለን።

የክዳኑን ነገር ቀላል አታድርጉት። በቀደም ፍሳሽ መምጠጫ መኪና አስመጥተን፣ አጥር ስለከለከለው ቱቦው አልደርስ ብሎ ተመለሰ። የመመላለሻውን ግን ከፍለናል። ደረሰኙ ከመዝገቡ ጋር ጠረጴዛው ላይ አለ። ሽታውን ደግሞ መዝገብ አያስፈልገውም።

እንግዲህ መዋጮ። መክፈል ካቆሙት ብዙዎቹ እዚህ አይኖሩም። አዲስ አበባ ናቸው፣ ጅቡቲ ናቸው፣ ውጭ አገር ናቸው። ተከራዩን ስንጠይቅ «አከራዬን አናግሩ» ይላል። አከራዩ ሲደወልለት «ተከራዩ ይክፈል» ይላል። መሀል ላይ ዲናሞው ተቃጥሎ ላይኛው ፎቅ ውሃ በጄሪካን ይሸከማል። የማህበሩ አባል የቤቱ ባለቤት ነው። ዕዳውም የሱ ነው። ከተከራዩ ጋር እንዴት እንደሚተሳሰብ የራሱ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ያልከፈለ ባለቤት በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንስጥ። አድራሻቸውን የምታውቁ ተባበሩን።

በሌላ በኩል፣ «ደረሰኝ ሳላይ አልከፍልም» በሚል ሰው አልፈርድም። እኔም ብሆን አልከፍልም። ከዚህ ወር ጀምሮ ገቢና ወጪው በየብሎኩ መግቢያ ደረጃ ላይ ይለጠፋል። ሂሳቡን የሚመረምሩትን ሦስት ሰዎች ደግሞ ዛሬ እናንተ ምረጡ፣ ከኮሚቴው ውጪ ይሁኑ። የኮሚቴ አባል ወንድም ወይም ሚስትም አይሁን።

ስለ ቧንቧው አንድ ነገር ብቻ። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ምን እንደሚያስቀር ታውቃላችሁ። ያው ነጭ ድንጋይ የጋራ መስመሩንም እያጠበበው ነው። ቫልቮቹን ለማስቀየር ዋጋ እያሰባሰብን ነው፣ በሚቀጥለው ስብሰባ እናቀርባለን።

የቦዩ ግን አይቆይም። ግንቦት እያለቀ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ስለዚህ ውሳኔ እጠይቃለሁ። ቦዩ ላይና ክዳኑ ላይ የሰሩ ሰዎች ሰኔ 15 ድረስ ራሳቸው ያንሱ። ጉልበት የሌለው ካለ ወጣቶቹ ያግዙታል፣ ቆርቆሮና እንጨቱም ለባለቤቱ ይመለስ። ጠረጋው በሚቀጥለው እሁድ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ይጀመር፣ ከየቤቱ አንድ ሰው ይውጣ። አካፋ ያለው ይዞ ይምጣ። ጋሪ ማህበሩ ይከራያል።

ቃለ ጉባኤ የምትይዘው እህታችን ዝግጁ ናት። መቃወም የሚፈልግ ቅድሚያ ይናገር፣ ከዚያ እጅ እናወጣለን። ድምፅ የሚሰጠው የቤቱ ባለቤት ወይም ውክልና የያዘ ሰው ነው። ከግራ በኩል እንጀምር።