ኢሜይሉ ልክ ነው ወይስ ልክ ይመስላል?

[ስክሪን፦ የምዝገባ ፎርም]

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ በፓይተን ኢሜይል ማጣራትን እናያለን። የምነሳው ከራሴ ጥፋት ነው።

ደብረ ማርቆስ ለሚሰጥ አጭር ሥልጠና መመዝገቢያ ጻፍኩ። ኮዴ ከአት ምልክቱ በኋላ አንድ ዶት ብቻ ነበር የሚጠብቀው። ከዳንግላ የሚመዘገብ አንድ መምህር ደግሞ አድራሻው በ«ዶት ኢዲዩ ዶት ኢቲ» ያልቃል። ሦስቴ ሞከረ፤ ሦስቴም «ልክ አይደለም» ተባለ። በመጨረሻ ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ ደብዳቤ ሁሉ የሚመጣልኝ በዚህ እኮ ነው!» አፈርኩ።

ለካ ልክ ያልሆነው የኔ ሬጄክስ ነው፤ ሬጄክስ ማለት የጽሑፍን ቅርጽ የምንፈትሽበት ንድፍ ነው። ደንቡ ሰፊ ነው። ከአት በፊት ያለው ክፍል እስከ 64 ካራክተር ይሄዳል፤ የመደመር ምልክትም ይገባበታል። መጨረሻውም የግድ ሁለት ወይ ሦስት ፊደል አይደለም፤ ዶት ኢንፎ አራት ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ሬጄክስ ልያዝ ያለ ሰው ማታ የጻፈውን ጠዋት ራሱ ማንበብ ያቅተዋል።

[ስክሪን፦ ሦስት መስመር ኮድ]

አሁን የማደርገው ይሄን ነው። መጀመሪያ በስትሪፕ ዳርና ዳሩን አጸዳለሁ። የስልክ ኪቦርድ አድራሻውን ራሱ ሲሞላ አንዳንዴ ከኋላው ክፍት ቦታ ይጥላል፤ ዓይን አያየውም። ከዚያ አንድ አት፣ ከፊቱ የሆነ ነገር፣ ከኋላው ዶት ያለበት ዶሜይን መኖሩን በፉልማች አያለሁ፤ ፉልማች ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር ከሬጄክሱ ጋር መግጠሙን ያያል። ማችስ? ማች ከመጀመሪያው ይነሳል እንጂ መጨረሻ መድረሱ አይገደውም። በሬጄክስ «መጨረሻ» ማለት የሆነውን የዶላር ምልክት ብትጨምሩለት እንኳ፣ ስትሪፕን ከረሳችሁ ከፋይል የተነበበች አድራሻ ጭራዋ ላይ ካለው የአዲስ መስመር ምልክት ጋር ሾልካ ታልፋለች። ፉልማች ላይ ግን ትያዛለች።

«ጂሜይል ዶት ኮን» ብሎ የጻፈስ? ያልፋል። ቅርጹ እንከን አይወጣለትም። ኢሜይል ቫሊዴተር የሚባለውን ላይብረሪ በፓይተን መጫኛው በፒፕ ብትጭኑ ግን ዶሜይኑ ኢሜይል ይቀበል እንደሆነ የኢንተርኔት ስሞች መዝገብ የሆነውን ዲኤንኤስን ይጠይቅላችኋል። ኮን እዚያ ጋ ይቀራል።

[ስክሪን፦ የማረጋገጫ ሊንክ]

ከአድራሻው ጀርባ ሰው አለ ወይ? ይሄን የትኛውም ሬጄክስ አይነግራችሁም። እኛ ጋ ሰው ቤት ስትሄዱ አጥሩን አይታችሁ አትመለሱም፤ ደጅ ቆማችሁ «ቤቶች!» ትላላችሁ። ሊንክ ላኩ። ከተጫነ፣ ሰው አለ።

ኮዱን ካስተካከልኩ በኋላ ሊንኩን መጀመሪያ የተጫነው ያ የዳንግላው መምህር ነው።