ብረቱን የሚያነሳው ሞተሩ አይደለም

እንደምን አመሻችሁ፤ ክቡራን እንግዶች፣ በባቡሩ ያገለገላችሁ አባቶች፣ የቴክኒክ ተማሪዎች።

ወንዛችንን ደቻቱን በደረቁ የሚያውቅ የድሬ ሰው «ድልድይ ደግሞ ለምን ይነሳል?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ሲመጣ ደግሞ በአንድ ሌሊት ይመጣል፤ የ1998ቱን ክረምት የረሳ የለም። የእኛ ድልድይ ጭንቀቱ ጎርፍ ነው፦ ምሰሶው ሥሩ እንዳይቦረቦር፣ ግንድና ድንጋይ እንዳይደፍነው። ዛሬ የምናወራለት ድልድይ ጭንቀቱ ሌላ ነው። ከላዩ ባቡር፣ ከሥሩ መርከብ ያልፋል፤ ሁለቱም መንገዱ የእኔ ነው ባይ ናቸው።

ድልድዩ ያለው በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት፣ ፖርትላንድ ከተማ፣ ዊላሜት ወንዝ ላይ ነው። ስቲል ብሪጅ ይሉታል፤ የአረብ ብረት ድልድይ ማለት ነው። ስሙን የወረሰው እ.ኤ.አ. በ1888 ከተሠራው ከቀዳሚው ነው፤ ያኔ ድልድይ በአረብ ብረት መሥራት ብርቅ ነበር። ያ አሮጌው እንደ በር ወደ ጎን የሚዞር ዓይነት ነበር። ዞሮ የሚከፈት ድልድይ መዞሪያው ምሰሶ ውኃው ውስጥ ስለሚቆም የመርከቡን መተላለፊያ ያጠባል። አዲሱ በ1912 ሲከፈት፣ ወደ ጎን መዞር ቀርቶ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ መነሳት ሆነ። በእኛ አቆጣጠር 1904 ነው፤ ባቡር ድሬ ከደረሰ አሥር ዓመት አልሞላውም ነበር።

ንድፉ የካናዳው ተወላጅ የጆን አሌክሳንደር ሎ ዋዴልና የባልደረባው የሃሪንግተን ነው። ዋዴል እ.ኤ.አ. በ1894 ቺካጎ ውስጥ፣ ሃልስቴድ ጎዳና ላይ፣ የመጀመሪያውን ትልቅ ቀጥ ብሎ የሚነሳ ድልድይ ሠርቷል። ያኛው መጀመሪያ በእንፋሎት ይነሳ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የቀፊራ ገበያ ነጋዴን ሚዛን አስቡት። በአንዱ ሳህን አንድ ኪሎ ድንጋይ፣ በሌላው አንድ ኪሎ ሽንኩርት ካለ፣ በትንሽ ጣት ገፋ ብታደርጉት ይንቀሳቀሳል። ተነሺ ድልድይም ይኸው ነው። በሁለቱ ማማዎች አናት ላይ ትልልቅ ፑሊዎች፣ ማለትም ገመድ የሚዞርባቸው ጎማዎች፣ አሉ፤ የሽቦ ገመዶቹ በአንድ ጫፋቸው ድልድዩን፣ በሌላው ማመዛዘኛውን ክብደት ይይዛሉ። ሞተሩ የሚያሸንፈው የኩሽኔታውን ፍትጊያ፣ ንፋሱንና ጥቂቱን የክብደት ልዩነት ብቻ ነው። ልዩነቱ ሆን ተብሎ ይተዋል፦ ድልድዩ ከማመዛዘኛው ትንሽ ከብዶ፣ ሲወርድ መቀመጫው ላይ ረግቶ እንዲቀመጥ።

የስቲል ብሪጅ ብልሃት ድርብነቱ ነው። ታች ባቡር፣ ላይ የመኪና መንገድ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የከተማው ቀላል ባቡርም በላይኛው ይሄዳል። 64 ሜትር ርዝመት ያለው ተነሺ ክፍል ሁለት ወለል አለው፤ የታችኛው ለብቻው ይነሳል። የታችኛው ተኝቶ ሳለ ከውኃው በላይ 8 ሜትር ያህል ብቻ ክፍት ነው። እሱ ሲነሳ ያንጠለጠሉት ዘንጎች ወደ ላይኛው ወለል ቋሚዎች ውስጥ ይገቡና ክፍተቱ 22 ሜትር ይሆናል፤ ላይ ያለው መኪና መቆሙን እንኳ አያስፈልገውም። ሁለቱም ከተነሱ 50 ሜትር ይደርሳል። ለላይኛው ሁለት፣ ለታችኛው ስምንት ማመዛዘኛ አለ፤ በድምሩ 4,000 ቶን ያህል። በእኛ አስተያየት ከዋዴል ሥራዎች ሁሉ ብልኁ ይህ ነው።

አነሳሱ እንዲህ ነው። መርከቡ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር ጥሩምባ ይነፋል። ድልድዩ የሚከፈት ከሆነ መልሱ ያው ነው፤ የማይከፈት ከሆነ አምስት አጫጭር። ከዚያ የባቡር ምልክቱ ቀይ ይሆናል፣ የመንገዱ መዝጊያ ይወርዳል፣ ድልድዩን ከመቀመጫው ጋር የያዘው ቁልፍ ይሳባል፣ በመጨረሻ ፍሬኑ ይለቀቃል። ቅደም ተከተሉ እንዳይፋለስ አንዱ ካላለቀ ሌላው እንዳይሠራ ተደርጎ ይያያዛል፤ የባቡር ሰው ይህን ከማንም በላይ ይረዳዋል።

የሚበላሸውስ? በብዛት የሚረሳው ሚዛኑ ነው። ለምሳሌ 10 ሜትር ስፋት ባለው 64 ሜትር ወለል ላይ 5 ሳንቲ ሜትር አስፋልት ጨምሩ፤ ከ70 ቶን በላይ ነው። ማመዛዘኛዎቹ ላይ ያንኑ ያህል ካልተጨመረ ሞተሩ ይቃጠላል፣ ወይም ድልድዩ ሲወርድ ፍሬኑ አይችለውም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ማመዛዘኛው ውስጥ ትንንሽ ብሎክ የሚጨመርበትና የሚወጣበት ባዶ ኪስ ይተዋል።

ቀጥሎ ገመዱ። ከውጭ በግራሶ የተለበጠ ገመድ ደህና ይመስላል፤ ፑሊው ላይ በሚታጠፍበት ቦታ ግን ውስጡ ያሉት ሽቦዎች አንድ በአንድ ይበጠሳሉ። ገመዶቹ እኩል ካልተወጠሩ ሸክሙ በጥቂቶቹ ላይ ይወድቃል። ውጥረቱን ለማወቅ ገመዱን አንቀጥቅጦ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ መቁጠር ዛሬም የሚሠራበት ዘዴ ነው።

ሙቀትም አለ። 64 ሜትር አረብ ብረት በ30 ዲግሪ ልዩነት 23 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። በተነሺው ክፍል ጫፍና በማይነሳው መካከል ያለው ክፍተት ቆሻሻ ከሞላው ወይም ጠቦ ከተሠራ ድልድዩ ይጣበቃል፤ አይነሳም፣ ከተነሳም አይገጥምም። ሐዲዱ ጫፍ ለጫፍ ካልገጠመ ደግሞ ባቡር ማሳለፍ የለም።

እ.ኤ.አ. በ2001 በታችኛው ወለል ጎን የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ተንጠልጥሎ ተጨመረበት። ከ70 ቶኑ ምሳሌ ጋር አያይዛችሁ አስቡት፦ በአንድ ጎን ብቻ የተንጠለጠለ ክብደት ስምንቱ ማመዛዘኛዎች ላይ እንዴት ይከፋፈላል? ሥዕሉ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ተማሪዎች ቀረብ በሉና ከታችኛው ዘንጎች ጀምራችሁ እዩት።