የቡና ፍሬዋ

ዛሬ ስለ ቤት ኪራይ ላወራችሁ ነበር። አስር ደቂቃ ቀድቼ አጠፋሁት። የማክሰኞው ነገር አልለቅህ ብሎኛል።

እማዬን ታውቋታላችሁ። «ስኳሬና እኔ አብረን አርጅተናል፤ ከእንግዲህ ምን ያመጣል?» የምትለው። ለዓመታዊው የእግር ምርመራ ይዣት ሄድኩ። ነርሷ እጀታ ያለው ቀጭን የናይለን ክር አወጣች። ቆዳ ላይ ሲጫኑት 10 ግራም ሲደርስ ይጎብጣል። እሱ የማይሰማው እግር፣ ቁስልም ላይሰማው ይችላል።

«እማማ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ሲነካዎት 'አዎ' ይበሉኝ።»

ጨፈነች። ነርሷ አውራ ጣቷን ነካች። ዝም። ከጣቶቿ ሥር ነካች። ዝም። ከዚያ ልትጽፍ ክሩን አነሳች፤ እማዬ «አዎ» አለች። ማንም አልነካትም። ትንሽ ቆይታ እንደገና «አዎ»፣ አሁን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ልክ መልሱን ሳያውቅ እጁን እንደሚያወጣ ተማሪ። ነርሷ ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔ ግድግዳውን አየሁ።

ቀጥሎ ጫማዋን አንስታ አራገፈችው። አንዲት ጥሬ ቡና ዱብ አለች። ጠዋት ስትለቅም የገባች መሆን አለባት። ከቤት እስከ ታክሲ፣ ከታክሲ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ረግጣት መጥታለች። ውስጥ እግሯ ላይ ቅርጿ ታትሟል። ስንጥቋ ሳይቀር ልላችሁ ነበር፤ አጋነንኩ። ግን ጎድጓዳው ነበር፤ ቀይ። ሌላ ሰው ቢሆን በር ላይ ጫማውን ያወልቅ ነበር።

እማዬ ሳቀች። «ቡናዬ ሐኪም ቤት ድረስ ሸኘችኝ!» እኔም ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ አላውቅም።

መቼም የእሷን የቀጠሮ ሰሞን ጨዋነት ነግሬያችኋለሁ፤ ሦስት ቀን ሲቀረው ስኳር ከጓዳ ይጠፋል፣ ጎረቤት ሁሉ ይመሰክርላታል። የዘንድሮው የደም ምርመራ ግን የሦስት ወር አማካይ የሚያሳየው ሆነና የፋሲካው ድፎ ዳቦ ሳይቀር ወጣባት። «ደም ደግሞ ወሬ ያቀብላል እንዴ?» አለች። ያቀብላል። ቀይ የደም ሴል አራት ወር ገደማ ይኖራል፤ የበላነውን ስኳር ተሸክሞ ይዞራል።

ዓይኗም መታየት ነበረበት፤ ጠብታው ሲደረግባት እይታዋ ስለሚደበዝዝባት ትጠላዋለች። የኩላሊቱ የሽንት ምርመራም አለ። አንዳቸውም ገና ሲጀምራቸው አያምሙም። ይህ ነው የሚያናድደኝ። ለጥርስ ሕመም የምንሮጥ ሰዎች፣ ለማያመን ነገር ቀጠሮ አክብሩ ስንባል… እኔን ደግሞ አትጠይቁኝ። ሦስት ማንኪያ እንደማደርግ ታውቃላችሁ። እናቴ ስኳር አለባት፣ እኔ ግን አንድ ጊዜ እንኳን ተለክቼ አላውቅም። እሄዳለሁ። ይህን ባለፈው ዓመትም ብያለሁ መሰለኝ።

ነርሷ ሁሉንም ነግራታለች፤ ቤት ውስጥም ባዶ እግር እንዳትሄድ፣ ማታ ማታ ውስጥ እግሯን በመስታወት እንድታይ፣ እግሯን ከሰል ላይ እንዳትሞቅ። እማዬ «እሺ ልጄ» ስትል ነበር።

ታክሲ ውስጥ ግን ጎንተል አደረገችኝ። «ስንቱን አገኘሁ?»

«ምኑን?»

«የክሩን።»

«ጥሩ ነው» አልኳት። «ጥሩ ነሽ።»

ደስ አላት። በመስኮት እያየች መጣች። እና እኔ… ማታ መስታወቱን ስሰጣት ምን ልበላት? ጥሩ ነሽ ካልኳት በኋላ። ቡናዋ እዚህ ጠረጴዛው ላይ ናት፤ ለምን እንዳመጣኋት…