ልጁን ማን አመነው?

እንደምን አመሻችሁ ወዳጆቼ፣ እስከ መጨረሻው ስለቆያችሁ አመሰግናለሁ።

አሁን ያየነው «ዘ ናይት ኦቭ ዘ ሀንተር» በ1955 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ተመልካች አጥቶ ነበር። ቻርልስ ላውተን ስመ ጥር ተዋናይ ነው፤ በዳይሬክተርነት የሰራው ፊልም ግን ይሄ ብቻ ነው። ሌላ ሳይደግም በ1962 አረፈ። እኔን ይሄ ያንገበግበኛል።

ብዙ ሰው የሚያወራው ሐሰተኛውን ሰባኪ ሆኖ ስለሚተውነው ስለ ሮበርት ሚቸም ጣቶች ነው፣ በአንዱ እጁ ፍቅር በሌላው ጥላቻ ተብሎ ስለተነቀሰው። ያስፈራል፣ እውነት ነው። ከንቅሳቱ በላይ የሚያስፈራኝ ግን የዚያ የኦሃዮ ወንዝ ዳር ከተማ ሰው ነው። ሰውዬው ጥቁር ለብሶ፣ ጥቅስ እየጠቀሰ፣ መዝሙር እያዜመ ሲመጣ ሁሉም እጁን ዘርግቶ ተቀበለው፤ የሕፃናቱ የጆንና የፐርል እናት እንኳ አገባችው። ሰውዬው የሚፈልገው፣ በስቅላት የተቀጣው አባታቸው የዘረፈው 10,000 ዶላር በትንሿ ፐርል አሻንጉሊት ሆድ ውስጥ እንዳለ የሚያውቁት ልጆቹ ብቻ ናቸው። ጆን የሰውዬውን ጥላ የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ካየ ጀምሮ ነቅቷል፣ ግን ማን ይስማው?

ልጆቹ ከሰውዬው ሸሽተው ጎተራ ውስጥ ያደሩበትን ሌሊት አስታውሱ። መዝሙሩ ከሩቅ ይሰማል፤ ጆን ብድግ ብሎ ሲያይ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ጥቁር ምስል አድማሱን ይዞ ቀስ እያለ ያልፋል። ካሜራውን የያዘው ስታንሊ ኮርቴዝ ያንን የቀረጸው ስቱዲዮ ውስጥ ነው፤ ርቀቱ እንዲታመን ቁመቱ አጭር የሆነ ሰው ትንሽ ፈረስ ላይ አስቀምጦ። ሰማዩ እውነተኛ እንዳልሆነ ያስታውቃል፣ ሆን ተብሎ ነው። የፈራ ልጅ የሚያየው ሌሊት እንደዛ ነው። በቀለም ቢሆን ኖሮ ያ ፍርሃት አይመጣም ነበር፣ አጥብቄ አምናለሁ።

ከዚያ ልጆቹን የምታስጠጋውን ሴት ሆና የምትተውነው ሊሊያን ጊሽ ትመጣለች። ጆን «አባቴ አይደለም» ሲላት ወዲያው አመነችው፣ ጠመንጃዋንም አነሳች።

ፖሊሶቹ ሰውዬውን መሬት ላይ ጥለው ሲያስሩት ጆን በደስታ አልዘለለም። አባቱ የተያዘው ልክ እንደዛ ነበርና ሆዱን ይዞ ጮኸ፤ በአሻንጉሊቷ እየደበደበው ገንዘቡን በላዩ ላይ በተነው፣ ውሰደው እያለ። ፍርድ ቤትም ቀርቦ ሊጠቁመው አልቻለም። አንዳንዶች ይሄ ቦታ ግራ ያጋባናል ይላሉ። ለእኔ የፊልሙ ምርጡ ክፍል እሱ ነው፤ ውይይቱን ከዚያ ብንጀምር ደስ ይለኛል።