ኳሷን ያልነካችውን እዩ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ ከጅማ ነው። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ድምፄን ከዋጠው ታገሱኝ፤ የእኛን ሐምሌ ታውቁታላችሁ። የዊምብልደን ቴኒስ ሰሞንም ነው። የውጭ ሜዳዎቹ ጨዋታ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ መብራት ካለ ማለቴ ነው። የሴቶች ጥንድም በመጀመሪያዎቹ ዙሮች በብዛት እዚያ ነው የሚደረገው። ዛሬ ስለሱ ላውራ።

ጥንድ ቴኒስ ቶሎ የሚሰለቸው ኳስ ብቻ ስለምንከተል ይመስለኛል። አራት ሰው ባለበት ሜዳ ነጥቡን የምትወስነው ብዙ ጊዜ ኳሷን ገና ያልነካችው፣ መረቡ ጋ የቆመችው ናት። እሷን እዩ።

ምክንያቱ ከሜዳው ይጀምራል። ለነጠላ ስፋቱ 8.23 ሜትር ነው፤ ለጥንድ በግራና በቀኝ 1.37 ሜትር ይጨመርና 10.97 ይሆናል። ርዝመቱ ያው 23.77፣ ሰርቭ፣ ማለትም ነጥቡን የሚያስጀምረው ምት፣ የሚያርፍበት ሳጥንም ያው። መረቡ መሐል ላይ 91.4 ሴንቲ ሜትር፣ ምሰሶዎቹ ጋ ግን 1.07 ሜትር ነው። ስለዚህ መላሿ፣ ሰርቩን የምትቀበለው ማለቴ ነው፣ በሰያፍ ብትመልስ ኳሷ በዝቅተኛው ቦታ ታልፋለች፣ የምታርፍበትም ሜዳ ረዘም ይላል። በመስመሩ በቀጥታ ብትልካት መረቡም ከፍ ይልባታል፣ ርቀቱም ያጥርባታል። ሁሉም ሰያፉን ይመርጣል። መረብ ላይ ያለችው ደግሞ ይህን ስለምታውቅ ያንን መንገድ ለመቁረጥ ታደባለች።

ጓደኛዋ ሰርቭ ከመምታቷ በፊት መረብ ላይ ያለችው እጇን ከጀርባዋ ስታደርግ ታያላችሁ። ምልክት ነው። እያንዳንዱ ጥንድ የራሱ አለው፤ የተለመደው ግን በጣት ሰርቩ ወዴት እንደሚመታ፣ ወደ መሐል መስመር፣ ወደ ሰውነት ወይስ ወደ ውጭ፣ ማሳየት ነው። ከዚያ የተጨበጠ እጅ «እቆያለሁ»፣ የተዘረጋ እጅ «እሻገራለሁ» ይላል። የመጀመሪያው ሰርቭ ከወጣ ምልክቱ እንደ አዲስ ይሰጣል፣ ሁለተኛው ሰርቭ ስለሚዘገይ ሐሳቧን ልትቀይር ትችላለች። ወደ መሐል የተመታ ሰርቭ የመላሿን ማዕዘን ስለሚያጠብ መሻገር ይቀላል። ወደ ውጭ ከተመታ ግን ከጎን ያለው ኮሪደር፣ ያ ለጥንድ የተጨመረው 1.37 ሜትር፣ ይከፈታል፤ ያኔ ወደ መስመሩ ጠጋ ማለት አለባት።

መነሻው ቅጽበት ላይ ብዙ ነገር ይበላሻል። መላሿ ራኬቷን ወደ ፊት ማምጣት ስትጀምር ዓይኗ ኳሷ ላይ ይተከላል፤ መነሳት ያኔ ነው። መረብ ላይ ያለችው ቀድማ ከተነሳች መላሿ በባዶው ኮሪደር ታሳልፍባታለች። ወደ ጎን ብቻ መሮጥም ስህተት ነው፤ ኳሷ እየወረደች ከመረቡ በታች ትደርስና ወደ ላይ ለመምታት ትገደዳለች። ሩጫው በሰያፍ ወደ ፊት ነው፣ ቮሊው (ኳሷ ሳትነጥር የሚመታው) ደግሞ ከፊቷ ወዳለችው ተጋጣሚ እግር። ሰርቭ የመታችው በተቃራኒው አቅጣጫ ካልሸፈነች ሁለቱም አንድ ወገን ይቆሙና ግማሹ ሜዳ ባዶ ይቀራል። በሁለቱ መሐል የመጣች ኳስ ላይ ደግሞ «የኔ» ማለት የግድ ነው፤ አለዚያ ተያይተው ያሳልፏታል።

ለዚህ ሁሉ መሻገር የመላሾቹ መድኃኒት ሎብ ነው፣ ኳሷን መረብ ላይ ካለችው አናት በላይ ከፍ አድርጎ መላክ። የታይዋኗ ተጫዋች ሺየ ሱ ዌይ ለዚህ ትመቸኛለች፤ በግራም በቀኝም በሁለት እጅ ስለምትመታ ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ እስክትነካት ድረስ አይታወቅም።

ግራኝና ቀኝ ሲጣመሩ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። የሰርቩ ሽክርክሪት አቅጣጫ በየተራው ስለሚለያይ መላሾቹ ምት አይይዙም፣ ፀሐይም ሁለቱን እኩል አታስቸግርም። ግራኟ ማርቲና ናቭራቲሎቫና ቀኟ ፓም ሽራይቨር ከ1983 እስከ 1985 በተከታታይ 109 ጨዋታ አሸንፈዋል። ካትሪና ሲኒያኮቫም ከባርቦራ ክሬይቺኮቫ ጋር 7 ግራንድ ስላም (ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች) ከወሰደች በኋላ ከግራኟ ቴይለር ታውንሴንድ ጋር የ2024ን ዊምብልደንና የ2025ን አውስትራሊያ ኦፕን በልታለች።

ነጥብ አቆጣጠሩ ላይ አትሳሳቱ። በመደበኛው የሴቶች ቱር 40 እኩል ሲሆን ጌሙን የሚወስን አንድ ነጥብ ብቻ ይቀራል፤ በየትኛው ወገን እንደሚቀበሉ መላሾቹ ይመርጣሉ፣ ቦታ ግን መቀያየር አይችሉም። በሰት 1 ለ 1 ከሆኑ በሦስተኛው ሰት ፋንታ እስከ 10 ነጥብ የሚቆጠር ታይብሬክ (መለያ) ነው፣ በሁለት ልዩነት። አቦሉ ተቀድቶ ቶናው ሳይደርስ ያልቃል። በግራንድ ስላም ግን የሴቶች ጥንድ ሦስተኛውን ሰት ሙሉ ይጫወታል፣ በጌም 6 እኩል ሲሆኑ ነው እስከ 10 የሚሄዱት። እኔ ይኼኛውን እመርጣለሁ፤ መረብ ነክታ በወደቀች አንዲት ኳስ ጌም ሲያልቅ ደስ አይለኝም።

እዚህ ጅማ መሞከር ለምትፈልጉ፣ ከፍታችን 1,700 ሜትር አካባቢ መሆኑን አትርሱ። አየሩ ስለሚሳሳ ኳስ ይርቃል፣ ይነጥራልም፤ የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደንብም ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ የተለየ የከፍታ ኳስ ያስቀመጠው ለዚህ ነው። እሱ ካልተገኘ የራኬቱን ክር በአንድ ኪሎ ያህል ጠበቅ አድርጉ፣ ሎቡንም አሳጥሩ። ሲሚንቶ ላይ ሜዳ የምታሰምሩ ከሆነ ምሰሶዎቹን ከጥንድ መስመሩ 91.4 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ትከሉ። የመረቡን መሐል ለመለካት አንድ ራኬት አቁማችሁ የሌላውን ራኬት ጭንቅላት አግድም ከላዩ አስቀምጡ፤ በግምት ይመጣል። ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ከማዕዘን ማዕዘን በሜትር ለኩ፣ በሲባጎ አይሆንም፣ ይለጠጣል። ሁለቱም ሰያፎች 26.18 ሜትር ካልመጡ ሜዳው ተንሻፏል።