አንድ ዘር፣ ብዙ ወንዝ፦ የዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ዓሣ አስጋሪዎች፣ ተመራማሪዎችና እንግዶቻችን፣ እንኳን በደኅና መጣችሁ።

ጉባኤውን ስከፍት ስለ አንድ የሚያሳስበኝ አባባል ልናገር። «ከወንዝ ወንዝ የዲኤንኤ ልዩነት አልተገኘም፤ ስለዚህ የጣና ነጭ ዓሣ አንድ ክምችት ነው» ይባላል፤ ማለትም የትም ወንዝ ቢራባ እንደ አንድ መንጋ ይቆጠራል ለማለት ነው። ልዩነቱ አለመገኘቱ እውነት ሊሆን ይችላል። «ስለዚህ» የሚለው ግን አያስኬድም።

ጣና ከ16 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ደርቆ እንደነበር የሐይቁ ደለል ይመሰክራል። ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ አጭር ስለሆነ ነጭ ዓሣ በምንላቸው በላብዮባርበስ ዝርያዎች መካከል ሰፊ የዘረመል ልዩነት ባናይ አይግረመን። ደግሞም በአንድ ትውልድ ጥቂት ዓሦች ብቻ ከጉማራ ወንዝ ወደ ርብ ወንዝ ቢሻገሩ ልዩነቱን ለማደብዘዝ ይበቃሉ። በመረብ የተራቆተን ወንዝ መልሶ ለመሙላት ግን እነዚያ ጥቂቶች ከቶ አይበቁም! በነሐሴና በመስከረም እንቁላል ሊጥሉ ወደ ወንዝ የሚወጡትን ዓሦች ከወንዙ አፍ ላይ መረብ ጠብቆ ሲያስቀራቸው፣ የዚያ ወንዝ ትውልድ እዚያው ይቋረጣል። የሞተር ጀልባና የመረብ ሥራ በ1986 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ በኋላ በወንዝ የሚራቡት ዝርያዎች ክፉኛ የተመናመኑት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ስለዚህ ለዲኤንኤ ምርመራ የሚወሰደው ናሙና ከየት ተነሣ የሚለው ይቀድማል። ከሐይቁ መካከል የተያዘ ዓሣ የየትኛው ወንዝ እንደሆነ አይናገርም። ናሙና የሚወሰደው ከመራቢያው ጠጠር ላይ፣ ሆዱ በቀስታ ሲጫን እንቁላል ወይም ነባዘር ከሚያፈስ ዓሣ ነው፤ ከየወንዙ ቢያንስ 40፣ ያውም በሁለት ክረምት። ከአንድ የዓሣ ጫጩት መንጋ ከተጨለፈ ግን ወንድምና እኅት እየቆጠርን ነው።

ከክንፉ ጫፍ የምስር ፍሬ የሚያህል ይቆረጥና 2 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ብልቃጥ፣ በ96 በመቶ ኢታኖል ይቀመጣል። በማግስቱ ኢታኖሉ ይለወጥ፤ ከሥጋው የወጣው ውኃ ያቀጥነዋልና። ቁስል ማጽጃው 70 በመቶ አልኮል ለረጅም ጊዜ አያስተማምንም፤ ፎርማሊን ደግሞ ዲኤንኤውን ያበላሻል። መለያው በእርሳስ በወረቀት ተጽፎ ወደ ውስጥ ይግባ፤ ከውጭ በእስክሪብቶ የተጻፈውን ኢታኖል ያጥበዋል። መቀሱም ከዓሣ ወደ ዓሣ ሲሻገር ተጠርጎ በእሳት ይለብለብ።

በቤተ ሙከራ የሚገጥመን ሌላ ነው። እነዚህ ዓሦች እንደ እኛ ሁለት ሁለት ሳይሆን ከእያንዳንዱ ክሮሞሶም ስድስት ስድስት ቅጂ አላቸው፤ ክሮሞሶማቸው 150 ገደማ ነው። ለሁለት ቅጂ የተሠራ ሶፍትዌር በቅጂዎቹ መካከል ያለውን ልዩነት ከእናትና ከአባት እንደተወረሰ ይቆጥረዋል። በአንድ የዲኤንኤ ነጥብ ላይ ሁሉም ዓሣ ማለት ይቻላል ድብልቅ ሆኖ (የተለያየ ቅጂ ይዞ) ከታየ፣ ያ ነጥብ ከስሌቱ ይውጣ።

እያንዳንዱ ጥናት አቅራቢ ከውጤቱ አስቀድሞ ናሙናውን ከየትኛው ወንዝ፣ በየትኛው ወር፣ ከስንት ዓሣ እንዳነሣ እንዲነግረን አደራ እላለሁ። ጉባኤው ተከፍቷል።